የግርማ ሆንዳ ፍሬን

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ አልነበርኩምም። ሰፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን በዚህ ወሬ የታወቀ ነው፣ ወንዙ ዳር እንዲህ ያለ ነገር አየሁ፣ ጫካው ውስጥ ስሜን ጠሩኝ የሚል ሰው ሞልቶበታል፣ እኔ ደግሞ እንዲህ የሚለኝን ሰው ፊት ለፊት «ስንት ብርሌ ጠጥተህ ነበር?» ብዬ የምጠይቅ ነኝ፣ በዚህም ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ። ባለቤቴ ማርታ የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ እሷ እንኳ ከጸሎት ቤት መጥታ እገሌ ላይ የነበረው መንፈስ እንዴት ጮሆ እንደወጣ ስትነግረኝ መልሴ «እሺ፣ እስቲ ያቺን ፒንሳ አቀብዪኝ» ነበር። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ከኔ አፍ መውጣቱ እኔንም ያናድደኛል። ብዙ ዓመት አልፎታል፣ ሳስበው ግን የሚመጣብኝ ፍርሃት አይደለም፣ እመኑኝ፣ ንዴት ነው።

ቀን ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር፣ ከሥራ መልስና ቅዳሜ እሑድ ደግሞ ግቢዬ ውስጥ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አሮጌ የሆንዳ ሞተር ሳይክሎችን እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ጊዜው የኢሕአዴግ ጊዜ ነው፣ ፕሮጀክት የተባለ ሁሉ መጥቶ ሲዘጋ ንብረቱን በጨረታ ይሸጣል፣ እነዚያ ገጠር ለገጠር ሲንከራተቱ የኖሩ ሆንዳዎች ዞረው ዞረው እኔ ግቢ ይመጣሉ። አሮጌ ሆንዳ ጉደኛ ነገር ነው፣ ዶሮ ሰፍሮበት የከረመውን ካርቡራተሩን አጥባችሁ፣ ካንዴላውን ጠርጋችሁ ብትረግጡት ይነሳል። የሚያቃጥለኝ ሰዉ ነው። ዘይት ሳይቀይር ዓመት ሙሉ ነድቶ «ጢስ ያበዛል» እያለ የሚመጣው፣ የተበጠሰ የፍሬን ገመድ በሽቦ አስሮ ልጁን አፈናጦ የሚሄደው፣ ስንቱን ልንገራችሁ፣ ማርታ አንዳንዴ ደንበኞቼን ስሳደብ ሰምታ ከውስጥ ወጥታ ይቅርታ ትጠይቅልኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ደሜን የሚያፈላው ግን በፎሌ የሚወርድ ሰው ነው። ፎሌ ማለት ማርሹን አውጥቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልቁለቱን ዝም ብሎ መንሸራተት ነው፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ። ማርሽ ውስጥ ከሆነ ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርድሃል፣ በፎሌ ከሆነ ግን ፍሬንህ ብቻ ነው ያለህ፣ እሱም ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲረገጥ ሲረገጥ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ መያዙን ይቀንሳል። ይህን ስናገር ዕድሜዬን ጨረስኩ። የሚሰማኝ ግን አልነበረም፣ በተለይ ግርማ አልሰማኝም።

ግርማ የታናሽ እህቴ የፀዳለ ባል ነው። እንጦጦ ላይ፣ ከራጉኤል ጀርባ፣ አንድ የችግኝ ጣቢያ ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ያኔ ዛሬ ያለው ፓርክ የለም፣ ሰው ወደዚያ የሚወጣው ለማገዶ ወይ ለጠበል ነበር። ሆንዳውን በጨረታ ሲገዛ አብሬው ነበርኩ፣ ከሞተሩ ዘንግ እስከ ፒስተኑ ቀለበት ያልነካሁት ቦታ የለም። ዝምተኛ ሰው ነበር፣ እንዲያው ዝም ብሎ የሚስቅ፣ ሁሉም ሰው ሶሎሞን ሲለኝ እሱ ብቻ «አማቼ» ነበር የሚለኝ። ማታ ማታ በፎሌ ተንሸራትቶ ድምፅ ሳያሰማ ሰፈር ሲገባ እኔ በራችን ላይ ቆሜ እጮህበታለሁ፣ እሱ «ቤንዚን እኮ ነው አማቼ» ይላል፣ ይስቃል፣ ይገባል። የመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ሳቁም ቀንሶ ነበር፣ ሰው ሲያናግረው ሌላ ቦታ ሆኖ ነው የሚመልሰው፣ ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም፣ ደክሞት ነው ብዬ ነው።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ በሚዘንብበት አንድ ከሰዓት፣ ከራጉኤል ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው አስፋልት ላይ ትልቁ ኩርባ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ገደል ገባ። ባሕር ዛፉ ሥር ነው ያገኙት። ያ ከመሆኑ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የኋላ ፍሬኑን ሸራ፣ ጎማውን አሽቶ የሚያቆመውን ልባስ፣ የቀየርኩለት እኔ ነኝ፣ አዲስ ሸራ፣ በገዛ እጄ። የመጣው ትራፊክ ገደሉን አየት አድርጎ «ፍሬን እምቢ ብሎት ይሆናል» አለ፣ በቃ፣ ይሆናል ያለው ቃል ሰፈር እስኪደርስ ድረስ እርግጥ ሆነ።

በሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ ንፍሮ አድለውኝ እጄ ላይ ይዣለሁ፣ የግርማ ወንድም ንጉሤ ከወዲያ ጥግ ብድግ አለና ሰው ሁሉ እየሰማ «ወንድሜን የገደለው ሰውዬ እዚህ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላል» አለ። ንጉሤ የተማረ ነው፣ ቢሮ የሚሠራ፣ ቃሉን አሳምሮ የሚናገር ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ ስናደድ ምላሴ ይተሳሰራል። ወደ እህቴ አየሁ። አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት እኮ፣ እናታችን ገበያ ስትውል ጀርባዬ ላይ ነው የምትተኛው። ፀዳለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ዞረች። ንፍሮውን መሬት ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም።

እንግዲህ ያኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ አርባው ሳይደርስ ፍሬኑ ደህና እንደነበር ማሳየት፣ በአርባው ተዝካር ላይ ከእህቴ ጎን መቀመጥ። ሌላ ምንም አላማረኝም።

ሆንዳውን ፖሊስ ከለቀቀው በኋላ በፒክአፕ ጭኜ ግቢዬ አመጣሁት። የፊት ሹካው ተጣሞ፣ መሪው ዞሮ፣ ጎማውን የሚወጥረው የራጂ ሽቦ አንድ ሳይቀር ተርገፍግፎ ነበር። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ንዴቴ ያሳበደኝ፣ ሰው መጥራት፣ ምስክር ማቆም አልታየኝም፣ ዕቃው ከመኪና እንደወረደ ቁልፍ አንስቼ የኋላውን ጎማ አወለቅኩና የፍሬኑን ከበሮ ከፈትኩት። ሸራው አዲስ ነው። ውፍረቱ እንዳለ፣ አልተላጠ፣ አልተቃጠለ፣ ዘይት አልነካው። የፊቱንም ከፈትኩ፣ እሱም ደህና። እንባዬ መጣ፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ሸራውን በጨርቅ ጠቅልዬ ንጉሤ ቤት ሮጥኩ።

ንጉሤ በሩ ላይ ቆሞ ሸራውን እንኳ በእጁ አልነካውም። «ማን ፊት ፈታኸው?» አለኝ።

«ብቻዬን ነው የፈታሁት።»

«እንግዲህ ራስህ ፈትተህ፣ አዲስ ሸራ ከሱቅ ገዝተህ፣ ይኸው ብለህ አመጣህልኝ። እኔ ሕፃን ነኝ?»

እውነቱን ነው፣ ማንም የሞተር ሠራተኛ ያንን ማድረግ ይችላል። ቆሽቴ አርሮ ተመለስኩ። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ፣ ሆንዳውን አቃንቼ፣ ያንኑ ሸራ መልሼ ገጥሜ፣ ግርማ በወረደበት መንገድ ግርማ እንደወረደው መውረድ።

በየምሽቱ ከሥራ መጥቼ እሠራ ጀመር። ሹካውን አቃናሁ፣ ራጂውን አንድ በአንድ ወጠርኩ። ትንንሽ ነገሮች የጀመሩት ያኔ ነው፣ ያኔ ግን አንዱንም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። አንድ ቀን ሆንዳውን ማቆሚያው ላይ አቁሜ፣ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቼ፣ የፍሬኑን ፔዳል ገና ሳላገናኝ፣ እጄን ለመታጠብ ዞር አልኩ፣ ከኋላዬ ጎማው መዞር ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው፣ ካቴናው ትክ ትክ ይላል፣ ሰው በእጁ ገፋ እንዳደረገው። ነፋስ ነው ብዬ ዞር ብዬ አየሁት። ጎማ ለብቻው ሲዞር እየደከመ እየደከመ ነው የሚቆመው፣ ይሄ ግን እየዞረ ሳለ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፍሬን እንደተረገጠ ማለት ነው፣ ፍሬኑ ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም። ግራሱ ወፍሮ ይዞት ነው አልኩ። በነሐሴ ብርድ ግራስ ይወፍራል እኮ፣ ለራሴ እንዲህ አልኩና ሳሙናዬን አነሣሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ ጠዋት ስወጣ ወንበሩ ላይ ጤዛ አለ፣ ግቢው ሁሉ ጤዛ ነው፣ ወንበሩ መሃል ላይ ግን ሰው ተቀምጦበት የተነሳ ያህል ደርቋል። ማርታን ጠርቼ ጮህኩባት፣ «ማን ነው እዚህ ላይ የሚቀመጠው?» አልኳት። ማርታ ወንበሩን አየችው፣ እኔንም አየችኝ። «ሶሎሞን፣ ይህን ዕቃ ከግቢ አውጣልኝ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እኔ ደግሞ ለዚህ ነገር ጊዜ የለኝም አልኳት፣ ድመት ነው አልኳት፣ እሷ ጥላኝ ገባች።

ሆንዳው ባለቀ ቀን ንጉሤን ከቢሮው ጠብቄ ይዤው እህቴ ቤት ሄድኩ። እምቢ ብሎኝ ነበር፣ «እህቴ ፊት እምቢ በለኝ» ስለው መጣ። ፀዳለ ጥቁሯን ለብሳ ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፣ ከስታ አንገቷ ቀጥኖ አንጀቴን በላችው። አላየችኝም። እኔም ቆሜ ተናገርኩ፣ «ሆንዳው ተሠርቷል፣ ሸራውም ያው ሸራ ነው። ነገ ንጉሤ ከኋላዬ ይቀመጥ፣ ከራጉኤል በፎሌ እንወርዳለን። ፍሬኑ ካልያዘ አብረን ገደል እንገባለን፣ ከያዘ ደግሞ ስሜን ይመልስልኝ» አልኩ።

ንጉሤ ሳቀ፣ «እብድ ነህ እንዴ፣ የልጆች አባት ነኝ» አለ።

ያኔ ፀዳለ አፏን ከፈተች። ከድንኳኑ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ሰማሁ፣ የተናገረችው ግን ለኔ አይደለም። «ሂድ ንጉሤ» አለችው። «ሂድና እይልኝ።» ንጉሤም እሺ አለ።

በማግስቱ ከሰዓት ሁለት ጎልማሳ ተሸክሞ ያ አሮጌ ሆንዳ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ እንጦጦን ወጣ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፣ ጭጋጉ ባሕር ዛፉን ከወገቡ በላይ ውጦታል፣ ከዚያ ደግሞ ካፊያ ጀመረ። ያለን አንድ የዝናብ ልብስ ነው፣ ለንጉሤ ሰጠሁት፣ እኔ በሥራ ቱታዬ ቀረሁ፣ የምጠላው ሰው ነው ግን እንግዳዬ ነው። ራጉኤል ስንደርስ ዝናቡ በረታ። ንጉሤ ወርዶ «ደጁን ልሳለም» ብሎ ሄደ፣ እኔ ሆንዳው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ፣ በሆዴ እየተሳደብኩ፣ ፈርቶ ነው እያልኩ። ጭጋጉ ደጀ ሰላሙን እንኳ አያሳይም ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ሆንዳው ከኋላ ዝቅ አለ። ሰው ሲፈናጠጥ እንዴት እንደሚል ታውቁታላችሁ፣ አሞርዛተሩ ሲጥ ይላል፣ ወንበሩ ይወርዳል፣ ሁለት እጅ ወገቤን ያዘኝ። «ተመቸህ?» አልኩ። «እህ» አለ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ማርሹን አወጣሁ፣ ለቀቅኩት።

ያለ ሞተር ስትወርዱ የሚሰማው ካቴናውና የጎማው ውኃ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ስንት ሳምንት የታፈነ ንዴት ነው፣ እየወረድኩ እየጮህኩ ነው፣ «ይኸው ፎሌ ነው፣ ወንድምህ የሚወርደው እንዲህ ነው፣ አሁን ደግሞ እረግጠዋለሁ፣ እይ» እላለሁ፣ እረግጠዋለሁ፣ ሆንዳው እንደ በግ ቀስ ይልልኛል። «አየህ?»

«አየሁ አማቼ።»

ደሜ ወደ ጭንቅላቴ ወጣ። ንጉሤ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም፣ ያ የግርማ ቃል ነው፣ ሊያሾፍብኝ ነው አልኩ። «በዚያ ስም አትጥራኝ፣ ሰማህ?» አልኩት። እንደገና ፈጠን አልኩ፣ እንደገና ረገጥኩ፣ እንደገና ያዘ። ከኋላዬ ያለው ሰው እጆች ቱታዬን አልፈው ይበርዱኝ ነበር፣ ዝናቡ ነው አልኩ፣ ዝናብ ደግሞ ከፊት ነው የሚመታኝ፣ ፊቴን፣ ደረቴን፣ ጉልበቴን። ትልቁ ኩርባ በጭጋጉ ውስጥ ሲመጣ አየሁት።

«እዚህ ጋ ነው» አለ ከኋላዬ።

«አውቃለሁ እዚህ ጋ እንደሆነ» አልኩ።

ከዚያ ጆሮዬ አጠገብ፣ ረጋ ብሎ፣ ቃሉን እንደ ንጉሤ ሳያሳምር፣ እንዲህ አለኝ፣ «ፍሬኑ ደህና ነበር አማቼ። እኔ ነኝ ያልረገጥኩት።»

ረገጥኩት። በሁለቱም ረገጥኩ፣ በእጄም በእግሬም፣ ሆንዳው አንዴ ዠው አለና ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እግሬ መሬት ሲነካ ሆንዳው ከሥሬ ከፍ አለ፣ ሰው ሲወርድ እንደሚለው። ዞርኩ። ማንም የለም። ጭጋግና አስፋልት፣ ውኃው በቦዩ ሲወርድ ይሰማኛል፣ ሌላ ምንም የለም።

ያኔም፣ ልብ በሉ፣ ያኔም አላመንኩም። የታየኝ ንጉሤ ወድቆ ገደል መግባቱ ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ በእንብርክኬ ሆኜ «ንጉሤ! ንጉሤ!» እያልኩ ስጮህ አንድ እንጨት የጫነ ኢሱዙ ከላይ መጥቶ ቆመ፣ ከጋቢናው ንጉሤ ዘሎ ወረደ፣ የሰጠሁትን የዝናብ ልብስ ለብሶ፣ ፊቱ በንዴት ቀልቶ።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?» አለ። «ደጁን ተሳልሜ ስመጣ ጥለኸኝ ሄደሃል። ማንን ይዘህ ነው የወረድከው?»

እሱም ሊጮህብኝ ቀረብ አለና ድንገት ቆመ፣ ትከሻዬን ይዞ አዞረኝ። «ጀርባህ» አለ። በእጁ ዳሰሰኝ። «ሶሎሞን፣ ጀርባህ ለምን ደረቀ?» ከራሴ ጠጉር እስከ ጫማዬ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር፣ የቱታዬ ጀርባ ግን ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ድርቅ ያለ ነው። ተከትሎት የወረደው የኢሱዙው ሾፌር ይህን አየና ጋቢናው ውስጥ ተመልሶ በሩን ዘጋ፣ ሳይሰናበተንም ሄደ።

ንጉሤ ወደ ሆንዳው ሄደ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ እርጥብ አስፋልት ላይ እንዴት እንደቆመ አየ፣ ተፈናጠጠና ትንሽ ለቀቅ አድርጎ ራሱ ረገጠው፣ እንደገናም ለቀቀው፣ ረገጠው። «ይይዛል» አለ። ይህን ቃል ለመስማት ነበር ያ ሁሉ ልፋቴ፣ ስሰማው ግን ምንም ደስታ አልተሰማኝም። ንጉሤ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ አድርጎ «ታዲያ ወንድሜ ለምን…» ብሎ ሳይጨርስ ቀረ። ሲያለቅስ ሳየው ጆሮዬ አጠገብ የተባለውን አልነገርኩትም፣ እሱ ግን ሳልነግረውም ገብቶታል፣ ሞኝ አይደለም።

ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ፊቱን ጠርጎ፣ «ሶሎሞን፣ ለፀዳለ አልያዘም በላት» አለኝ። «በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ ፍሬኑ ነው በላት። ፈልጎ ሄደ ማለትን አትችለውም።» ልመታው ነበር። እጄን ጨብጬ አንሥቼ ነበር፣ ሕዝብ ፊት ገዳይ ያለኝ ሰው፣ ስሜ ደህና መሆኑን በዓይኑ አይቶ፣ አሁን ገዳይነቱን መልሰህ ልበሰው ይለኛል። አልመታሁትም። ምክንያቱም ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

በማርሽ፣ ቀስ ብለን ወረድን። እህቴ ቤት ስንደርስ ንጉሤ ውጭ ቀረ፣ እኔ ብቻዬን ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ኩራዝ አብርታለች፣ አልጋው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። እርጥቤን ቆሜ ተናገርኩ፣ በመንገዱ ሁሉ ያጠናሁትን፣ «ፀዱ፣ አልያዘም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

እንደምትጮህብኝ፣ ውጣ እንደምትለኝ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን ያልኩትን የሰማች አትመስልም።

«ምን አለህ?» አለችኝ።

«ማን፣ ንጉሤ?»

«ንጉሤ አይደለም።»

«ምንም» አልኩ። «ምንም አላለኝም።»

ራሷን ነቀነቀች። «እኔንም ምንም አይለኝም» አለች። «መሸት ሲል ይመጣል፣ እዚህ ጋ ይቀመጣል፣ ፍራሹ ዝቅ ይላል፣ ብርዱ ጎኔን ይነካኛል። ምን አድርጌህ ነው እለዋለሁ። ለምነዋለሁ። አንድ ቃል አይወጣውም።» ከዚያ እጇን ዘርግታ እጄን ያዘችና ከጎኗ አስቀመጠችኝ፣ በአርባውም ሰው ሁሉ እያየ ከጎኗ አስቀመጠችኝ፣ የፈለግኩትን አገኘሁ ማለት ነው።

ሆንዳውን ፈታትቼ ዕቃውን ለየሰዉ አከፋፈልኩት፣ ከዚያ ወዲህ እኔ ላይ ምንም አልደረሰም። ፀዳለ ግን ብቻችንን በሆንን ቁጥር፣ በበዓልም ይሁን በሰንበት፣ ያንኑ ትጠይቀኛለች፣ «ላንተ ከነገረህ ንገረኝ» ትላለች፣ እኔም «ምንም» እላለሁ። እሷ መጽሔት የሚባል ነገር አታነብም፣ ለዚህ ነው ለእናንተ የምጽፈው፣ የሚያውቃት ካለ ግን በእግዚአብሔር ይዤዋለሁ፣ እንዳያነብላት። አንዳንዱ ሰው ሲሰማኝ ከንፈሩን ይመጥና «ነፍስ ይማር» ይላል፣ እኔ ግን ንዴቱ አልወጣልኝም። ለሚስቱ መናገር ያቃተውን ነገር እኔ ጀርባ ላይ ጭኖ የሄደ ሰው ነው፣ ያም ሆኖ ለምን እንዳልረገጠው አልነገረኝም፣ ለኔ መናገር ከቻለ ለእሷ አንድ ቃል ምን ይጎድልበት ነበር። ባለፈው ቤቷ ሄጄ አልጋ ልግዛልሽ፣ ይሄ አርጅቷል ብላት እምቢ አለችኝ። አሁንም መሸት ሲል ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ነው የምትተኛው፣ ዳሩን ለእሱ ትታ።